መርዶው እስኪነገር

አስተባባሪያችን ከቢሮዋ በር ላይ ቆማ በእጇ ስትጠራኝ እኔ እስከ ክርኔ ሳሙና ሆኜ ልብስ ሳሳጥብ ነበር። ቦታው ፍኖተ ሰላም ነው፤ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ። ክረምት ሲገባና ተማሪዎች ሲበተኑ ግቢው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ካምፕ ይሆናል። ከከተማውም ከገጠሩም ይመጣሉ። መማሪያ ክፍሎቹ ውስጥ ፍራሽ ተዘርግቶላቸው ያድራሉ፤ ቀን ቀን ልብስ ማጠብ፣ አስፋልት መሻገር፣ ኳስና ዘፈን ይለማመዳሉ። ቤተሰብም ትንሽ ያርፋል። እኔ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቄ አክስቴ ቤት ሥራ ስጠብቅ ነው እዚያ ተንከባካቢ ሆኜ የገባሁት።

አስተባባሪዋ ነገር ሲከብዳት ድምጿ የሚቀንስ ሴት ናት። አጠገቧ ስደርስ ድምጿ ከዝናቡ በታች ነበር።

«የቡሬው አባቱ አረፉ» አለችኝ። «እህቱ ስልክ ላይ ናት። አንቺ አናግሪያት።»

የቡሬው የምንለው ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የመጣ፣ ሠላሳዎቹን ያገባደደ፣ ጠጉሩ ግራና ቀኝ መሸበት የጀመረ ትልቅ ሰው ነው። እንደ ገበሬ ልጅ ቀንበር ተሸክሞ ከአባቱ ጋር እርሻ ይወርዳል፤ በሬ ይጠምዳል። ግን ሰው ካልመራው ገበያ ደርሶ መመለስ አይሆንለትም፤ ንግግሩም አጫጭር ነው። ከኋላው ሲነኩት ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ደግሞ ጉልበቱን አያውቀውም። ሌሎቹ ተንከባካቢዎች «ልጁ» ሲሉት ማን እንደተጠራ ለማየት ዞር ይላል። እኔ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «ወንድምዓለም» እለው ነበር። እሱም «እታለም» ይለኛል።

አባቱን አውቃቸዋለሁ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከዚህ ልጃቸው ጋር ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በሚኒባስ ይመጡና ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ከልጃቸው ጎን ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም። ቆሎ ይቆረጥማሉ። «ላሚቱ ደህና ናት?» ይላል ልጁ። «ደህና ናት፣ ጓዴ» ይላሉ አባት። ከዚያ እንደገና ዝም።

ስልኩን ተቀበልኩ። እህትየው ታላቁ ናት፤ ቡሬ ከተማ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ድምጿ በለቅሶ ጎርንኖ ነበር።

«ነገ እንቀብራቸዋለን፤ ለቅሶውም እዚህ እኔ ቤት ነው» አለች። «እሱን እንዳታመጡት። እንዳትነግሩትም።»

«እስከ መቼ ነው የማንነግረው?»

«እኔ እስክመጣ። ለቅሶው በረድ ይበልልኝ።» «አታውቂውም አንቺ። እናታችን የሞተች ጊዜ አስከሬኑን አቅፎ አልለቅ አለ። ሊያስለቅቁት ሲታገሉት አንዱን ጎረቤት ነከሰው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ጽድ ጋር በጠፍር አሰሩት። እናቱ ስትቀበር እሱ ታስሮ ይጮሃል። አባታችን እስኪሞቱ ድረስ የዚያን ቀን ነገር አንስተው አያውቁም። እኔ ያንን ሁለተኛ አላይም።»

«እሺ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አልኳት።

ወደ ልብሱ ስመለስ የቡሬው ነጩን ሸሚዙን በሁለት እጁ እያሸ ነበር። አንገትጌውን አሳየኝ። «ለቅዳሜ ነው» አለኝ። «ይደርቅልኛል?» ይደርቅልሃል አልኩት። በዚያ ዝናብ ምን እንደሚያደርቀው እግዜር ይወቅ።

ዓርብ ዕለት አባቱ ሲቀበሩ እኛ ኳስ ስንጫወት ነበር። ተንከባካቢዎቹ ሁሉ ሰምተዋል፤ ሁሉም ለእሱ ከወትሮው የበለጠ ፈገግ ይላል። አንዷ ከራሷ ድርሻ ድንች ጨመረችለት። እሱ ድንቹን አይቶ፣ እሷን አይቶ፣ ሳይበላ ትንሽ ቆየ። እኔ ዓይኑን ላለማየት ቀኑን ሙሉ ሥራ ስፈጥር ዋልኩ። ባገራችን ሰው ሲሞት መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል። ስለዚህ ሐዘንተኛ ሳይሰማ ሰው ዝም ብሎት መዋሉ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። የዚህኛው መርዶ ግን ጭራሽ ቀን አልተቆረጠለትም።

ቅዳሜ ጠዋት አስተባባሪዋ ጠርታ «መንገድ ተዘግቷል በይው» አለችኝ። መንገድ መዘጋት ያኔ የተለመደ ነበር፤ ማንም አይጠራጠርም።

ቁርሱን እንደጨረሰ ነጩን ሸሚዝ እንደረጠበ ለብሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

«ወንድምዓለም፣ ዛሬ መንገድ ተዘግቷል አሉ። አባትህ አይመጡም።»

«ማን ዘጋው?»

«አላውቅም።»

ራሱን ነቀነቀ። ግን አልተነሳም። ከአጥሩ ባሻገር ካለው አስፋልት አንድ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ቡሬ፣ ቡሬ፣ የሞላ ቡሬ» እያለ አለፈ። የቡሬው ቀና አለ።

«የቡሬ መኪና ነው።»

«ወደዚያ የሚሄድ ነው» አልኩት።

«ከሄደ ይመጣል» አለ። ሌላ መኪና መጣ፣ ሌላም መጣ፤ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ዞር እያለ ያየኝ ነበር። የሚከራከረኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ረፋዱ ላይ ዶፍ ወረደ። ከውስጥ አንዷ ልጅ የሚጥል በሽታዋ ተነስቶባት ጠሩኝ። ሮጬ ገባሁ፤ ከጎኗ አስተኝተን፣ ራሷን ደግፈን፣ እስኪለቃት ጠብቀን፣ ልብሷን ቀየርንላት። ስመለስ ድንጋዩ ባዶ ነበር። ዘበኛው ከዝናቡ ተጠልሎ ስለነበር አላየውም። መጸዳጃ ቤቱን አየሁ፣ ክፍሎቹን አየሁ። ከዚያ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

ባጃጅ ይዤ ወደ መናኸሪያ ስሄድ ሐሳቤ ሁሉ አስፋልቱ ላይ ነበር። አንድ ቦታ ሰው ተሰብስቦ ሳይ ነጂውን «ፍጠን» አልኩት፤ ስንደርስ የተገለበጠ የእህል ማዳበሪያ ነው። መናኸሪያው ውስጥ የቡሬ ተራ የያዘውን ሚኒባስ በመስኮቱ አየሁት። የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮቱን ተደግፎ፣ ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተለጥፎ ተቀምጧል።

ገብቼ ከፊቱ ቆምኩ። «ወንድምዓለም፣ ውረድ፤ እንሂድ።»

«አልወርድም።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«አባዬ ጋ። መምጣት ካቃተው እኔ እሄዳለሁ።»

ረዳቱ ነገሩን አይቶ መጣ። «እናወርደዋለን? ሁለት ሆነን ብንይዘው ይወርዳል» አለኝ በደግነት፤ እጁንም ከኋላ ወደ ትከሻው ሰደደ። የቡሬው መላ ሰውነቱ ሲኮማተር አየሁት፤ መቀመጫውን የያዘበት ጣት ነጣ። እህቱ የነገረችኝ ጽድና ጠፍር ዓይኔ ላይ መጣ።

«አትንካው» አልኩ ረዳቱን። «አብሬው እሄዳለሁ።» አጠገቡ ተቀመጥኩ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ለአስተባባሪዋ ደወልኩ። ድምጿ እየቀነሰ ሄደ። «መልሺው» አለችኝ። አልወርድም ብሏል፣ ጎትቼ አላወርደውም አልኳት። «እንግዲያው ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» አለችና ዘጋች። ለእህቱ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳችም። መልእክት ጻፍኩላት። እኔ የማውቀው እንግዲህ ይህን ብቻ ነው፤ ድንኳን ወደተተከለበት ከተማ፣ የማን ድንኳን እንደሆነ የማያውቅ የሟች ልጅ ይዤ እየሄድኩ ነው።

ከከተማው መውጫ ላይ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ተሳፈሩ። ከፊታችን ተቀመጡና ነጠላቸውን ሲያራግፉ ዞር ብለው አዩት። አወቁት። ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩላቸው፤ ጣቴንም አፌ ላይ አደረግሁ። ለትንሽ ጊዜ አልገባቸውም፤ አፋቸውን ሊከፍቱ ነው ብዬ ጉልበቴን ጨበጥኩ። ከዚያ ገባቸው መሰለኝ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ታለቅሳለች» አለኝ የቡሬው።

«አዎ።»

«ለምን?»

«አዝነው ይሆናል።»

ማንኩሳን ካለፍን በኋላ ኬላ ላይ አስቆሙን። ሁሉም ሰው እንዲወርድ ታዘዘ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላ ወገን ጭቃው ላይ ቆምን። ጠመንጃ ያነገተ አንድ ወጣት ወንዶቹን በተራ ሲፈትሽ፣ ከኋላ ሆኖ ብብታቸውንና ወገባቸውን እየዳበሰ ነበር። ቀጥሎ የቡሬው ነው። ከሴቶቹ ወገን ወጥቼ ተራመድኩ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ከፊቱ ሆነህ ፈትሸው። ከኋላ ሲነኩት ይደነግጣል።»

«ወደ ቦታሽ ተመለሽ።»

«የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት። እኔ ነኝ ይዤው የመጣሁት።»

«ምን አለበት?» አለና ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየው። የሚያየው ሰፊ ትከሻ ያለው፣ የማይመልስ፣ ዓይኑን የማይሰብር ሰው ነው። «መታወቂያ» አለው።

የቡሬው ዝም አለ። መታወቂያ የለውም፤ ቢኖረውም የተጠየቀውን አልሰማም። እጆቹን ራሱ ላይ አድርጎ ነበር፤ ሲፈራ እንደዚያ ያደርጋል። ወጣቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ የጠመንጃውን ማንገቻ ከትከሻው ሲያወርድ አየሁ። ሌላኛው ባልደረባውም ወደ እኛ መምጣት ጀመረ።

ያን ጊዜ ጥቁር የለበሱት እናት ከመካከላችን ገቡ። «ልጄ፣ ተወው» አሉት፤ ድምጻቸው ቀስ ያለ ነው። «ያገራችን ሰው ነው። ክፉ አያውቅም። ለቅሶ ነው የምንሄድ።»

ወጣቱ እሳቸውን አየ፣ ጥቁር ልብሳቸውን አየ። ማንገቻውን መለሰ። ከፊት ለፊት መጥቶ የሸሚዙን ኪስ ብቻ ነካ አደረገና «ግቡ፤ እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለ። አባባሉ ለሁላችንም ነበር፤ ዓይኑ ግን የቡሬው ላይ ነበር።

ወደ መኪናው ተመለስን። የቡሬው እጆቹን ከራሱ ላይ አወረደ።

«እታለም፣ የማን ለቅሶ ነው?»

ፊት ለፊታችን ያሉት እናት አንገታቸውን ደፉ። ሁሉም ተሳፋሪ መልሴን የሚጠብቅ መሰለኝ። መንገድ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ በባዳ አፍ እንዲሰማ አልፈለግሁም። ሁለተኛ መዋሸትም አቃተኝ።

«እህትህ ጋ ስንደርስ ትነግርሃለች» አልኩት።

«አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«መንገዱ አልተዘጋም ነበር።»

«አልተዘጋም ነበር።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትንሽ ቆይቶ በጡጫው ጉልበቱን መምታት ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላ እየጠነከረ። ጎናችን የተቀመጠ ሰውዬ እግሩን ሰበሰበ። እኔ እጁን አልያዝኩትም። መዳፌን ሳልነካው አጠገቡ ወንበሩ ላይ ዘረጋሁ። ቡሬ እስክንገባ ጉልበቱን እንደመታ፣ እኔም መዳፌን እንደዘረጋሁ ሄድን።

እህቱ መልእክቴን አይታ ኖሮ መናኸሪያው በር ላይ ቆማለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋን ጥለቱን ሽቅብ አዘቅዝቃለች። ከኋላዋ ሁለት ጠንካራ ወንዶች አሉ። ለምን እንዳመጣቻቸው አልጠየቅኋትም። ከመኪናው ቀድሜ ወረድኩና እሱ ሳይደርስ ሮጬ አገኘኋት።

«ምን አደረግሽ?» አለችኝ። «አታምጡት አላልኩም?»

«ራሱ ነው የመጣው። እኔ ተከትዬው ነው። እባክዎን፣ ሰዎቹ ወደ ኋላ ይበሉ።»

«ድንኳን ውስጥ ያን ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ እንደ እናቴ ጊዜ ቢሆንስ? ጭራሽ አልነግረውም አላልኩም፤ ለቅሶው ሲበርድ ነው ያልኩሽ።»

«ኬላ ላይ ለቅሶ እንደምንሄድ ሰምቷል። የማን እንደሆነ ብቻ ነው ያልተነገረው። ለማንኛውም ሰው እንደሚደረገው ቢደረግለትስ? ሽማግሌ ተልኮ፣ በማለዳ፣ በወጉ።»

«ለእሱ? ለእሱ መርዶ?» አለች። ቁጣ አልነበረም። ጨርሶ አስባው የማታውቀው ነገር እንደሆነ ፊቷ ላይ አየሁት። «ማን ያርዳዋል?»

«የንስሐ አባታችሁ።»

የቡሬው መጥቶ ከፊቷ ቆመ። ጉንጯን አልሳመም። የነጠላዋን ጥለት በጣቱ ይዞ አየው። «ተዘቅዝቋል» አለ።

«አዎ፣ ወንድሜ። ነገ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እነሱ ይነግሩሃል። ዛሬ ጎረቤት ቤት ታድራለህ።»

«እሺ» አለ። እንደዚያ በቀላሉ እሺ ይላል ብሎ የጠበቀ ማንም አልነበረም። ሁለቱ ወንዶች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው።

በማግሥቱ ገና ወገግ ሲል በሩ ተንኳኳ። ጎረቤት ቤት መደቡ ላይ ነቅቶ ተቀምጧል፤ ሸሚዙን አላወለቀም። የንስሐ አባቱና ሽማግሌዎች ገብተው ከፊቱ ባለው አግዳሚ ተቀመጡ። እህቱና እኔ በሩ ጥግ ቆምን። የእጄን አንጓ ይዛለች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል። ከውጭ፣ ከግድግዳው ባሻገር፣ ሁለቱ ወንዶች ሲያስሉ ይሰማኛል።

ቄሱ ብዙ አላንዛዙም። «ልጄ፣ በርታ» አሉት። «አባትህ ሐሙስ ዕለት አርፈዋል። በክብር ቀብረናቸዋል።»

የቡሬው ዓይኑን ሳይነቅል አያቸው። እጁ ወደ ራሱ መውጣት ጀመረ። እጁ ግንባሩ ላይ ቀረ።

«ሐሙስ?»

«ሐሙስ።»

«ለዚህ ነው ቅዳሜ ያልመጣ።»

«ለዚህ ነው፣ ልጄ።»

«አኩርፎኝ አይደለም።»

«አይደለም» አሉ። «ምን አድርገሃቸው ያኮርፋሉ?»

ከዚያ አለቀሰ። ድምጹ ከፍ ያለ ነው፤ ግን እንደማንኛውም አባቱ እንደሞተበት ሰው ለቅሶ ነበር። እህቱ እጄን ለቃ ሄዳ ከፊቱ ተንበረከከች። ሽማግሌዎቹም አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ጋቢ አልብሰው ከወንዶቹ መካከል አስቀመጡት። ለቅሶ ደራሹ እየመጣ፣ ጎንበስ እያለ፣ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይለዋል። እሱ ለያንዳንዱ «አሜን» ይላል።

ሰልስቱ የዚያኑ ዕለት፣ እሑድ፣ ነበርና ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጭንቀቴ የተመለሰው እዚያ ነው። መቃብሩ ገና ትኩስ አፈር ነው፤ ዝናቡ አስርጎታል። ቄሱ ጸሎት ሲጨርሱ የቡሬው ተንበርክኮ አፈሩን በሁለት እጁ መጫር ጀመረ። ፈጥኖ ነው የሚጭረው፤ ጭቃው ከክንዱ በላይ ይፈናጠራል። ሰው አጉረመረመ። አንዱ «ያዙት እንጂ» አለ። ሁለቱ ወንዶች ከግራና ከቀኙ ቀረቡ፤ አንደኛው ቀድሞ እጁን ከኋላ ሲዘረጋ አየሁ።

«ማንም እንዳይነካው» አለች እህቱ። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ጭቃው ላይ ከፊቱ ተቀመጠች። አልያዘችውም። እሱ ይጭራል፣ እሷ ታየዋለች። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ የቆመው ሰው እግሩን መቀያየር ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ እጁ ደከመና አቆመ። ጭቃ የሆኑ መዳፎቹን አየ። ከዚያ የጫረውን አፈር ራሱ መልሶ ደለደለው፤ እሷም አገዘችው። ሲነሱ «ራበኝ» አላት።

እኔ በማግሥቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። አስተባባሪዋ በቀስታ ድምጿ ረጅም ተግሣጽ ሰጠችኝ፤ ሰውየው አስፋልት ላይ ቢገጭስ፣ ኬላው ላይ ቢተኮስበትስ አለችኝ። ሁለቱም ሊሆን ይችል ነበርና አልተከራከርኳትም። ልክ ነሽ አላለችኝም፤ ግን ክረምቱ እስኪያልቅ ድረስ ለቀሪዎቹ ሰዎች መንገድ ተዘግቷል በሉ አላለችም።

የቡሬው ወደ ካምፑ አልተመለሰም። በሬዎቹ ለዘመድ ተሰጡ፤ እሱን እህቱ ቡሬ ወሰደችው። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ ምግብ ቤቷ ገባሁ። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፤ ደንበኞቹ «ጋሼ» ይሉታል። እህቱ ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ቀላል እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «አንዳንድ ቀን ተነስቶ አባዬ ቤት ልሂድ ይላል። ቤቱ ሰው የለበትም እለዋለሁ፤ ይቆጣል፣ በሩን ይመታል። ያኔ እፈራዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በሩን ከፍቼለት አብሬው እሄዳለሁ። ደርሰን እንመለሳለን።»

እሱ ከጓሮ እንጨት ተሸክሞ ገባ። አየኝ፤ እንጨቱን ሳያወርድ ቆመና «እታለም፣ መንገዱ ክፍት ነው?» አለኝ።

«ክፍት ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር።